አራት መቶ ግራም

ከስኬልደ ድልድይ ሥር፣ ወንዝ ወንዝ በምትሸት ጠባብ ሱቄ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቸርኬ አቀናሁ፤ ሽቦ አላልቼ፣ ሽቦ አጥብቄ።
"ቀላል ቸርኬ ያዋጣል?" ሲሉኝ ግን ዛሬም መልሱን አላውቅ፤
ሻጭ ነኝና ልማል? ሰው ነኝና ልሳቅ?

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ካፊያው ሳያባራ፣
ሊቨን መጣ ሱቄ፣ ብስክሌቱን እየመራ።
አርባ ዓመት ዳቦ ጋግሮ ጡረታ የወጣ፣
ዱቄቱ ግን ከሳንባው እስከ ዛሬ ያልወጣ።
መስኮቱ ላይ የሰቀልኩትን ጥቁር የካርቦን ቸርኬ
በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ፣ "ስንት?" አለ፤ ነገርኩት፦
"አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዩሮ።"
ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ዋጋውን አስተያየው ከኑሮ።
"የሚቀንሰውስ?" "አራት መቶ ግራም።"
"የአንድ ዳቦ ክብደት" አለ፤ "እጄ ያውቀዋል፣ ሚዛን አያሻኝም።"

እውነቱን ነገርኩት፦ "ሊቨን፣ ከቸርኬህ በፊት ሆድህ አለ፤ እሱን ለመቀነስ ዩሮ አይወስድም።
ሜዳው ላይ የፍላንደርስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ግራም አይቆጥርም።
የኮብልስቶኑን ዳገት፣ ከደወሉ ማማ እስከ ጫፉ ድረስ፣
ብትወጣው የምታተርፈው፣ ጉልበትህ ባይከዳህ፣ ዝናብም ባያርስ፣
አሥራ ሁለት ሰከንድ። በቃ። ሌላ የለውም።
አዲስ ጎማ ግዛ በስልሳ ዩሮ፤ ልዩነቱ ብዙ አይደለም።"

"አሥራ ሁለት?" አለና ቁጭ አለ ከሣጥኑ ላይ፤
ኮፍያውን ጨመቀው፣ እኔን ሳያይ።

"እሑድ እሑድ አራት ሆነን እንወጣለን፤ ዮስት፣ ዊላርት፣ እኔና ኦዲል።
ኦዲል ቀልዱን ግርጌ ይጀምራል፣ ጫፍ ላይ ይጨርሳል፤ ይሄ ነው የሱ ውል።
እኩሌታው ላይ ይጥሉኛል። ጀርባቸው ይርቃል፣ ድምፁ ይቆረጣል።
ስደርስ ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ፤ እንባቸው ይወርዳል።
'ምን አለ ቄሱ?' እላለሁ። 'አመለጠህ!' ይሉኛል።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ቄሱ ከጀልባው ወርዶ ምን እንዳለ፣
ፍየሏ ለዳኛው ምን እንደመለሰች፣
የሞተው ሰውዬ የሣጥኑን ዋጋ በምን እንደከፈለ፣
አንዱንም አላውቅ። ራሱን ብቻ ይዤ፣ ጅራቱን ሳላይ ነው የምገባ ቤቴ፤
ጎደሊቭ 'እና መጨረሻውስ?' ስትለኝ፣ ምን ልበላት በሞቴ?"

ሸጥኩለት።
መቶ ዩሮ ቀነስኩለት፤
ሚስቱ እንዳትደነግጥ ደረሰኙን ለሁለት ከፈልኩለት።

በሳምንቱ ማክሰኞ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።
"ደረስኩባቸው!" አለ። "ጨርሶ ባይሆንም፣ በአንድ አጥር ርቀት፤
ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ምራቄ ደም ደም ይላል፤ ግን ሰማሁት፣ ሰማሁት!"
"እና?" አልኩት፣ መፍቻዬን አስቀምጬ።
"አያስቅም" አለ። "ጭራሽ አያስቅም። ኦዲልን አየሁት አፍጥጬ።
ዮስትም አልሳቀ፣ ዊላርትም። ለካ ዘጠኝ ዓመት የሳቁት በቄሱ አልነበረም፤
እንደ ድስት እየተንፈቀፈቅሁ፣ እንደ ቲማቲም ቀልቼ ስደርስ ነው።
አሁን ቀድሜ ደረስኩና የሚሳቅበት ጠፋ።
አራታችን ተፋጠጥን፤ ከታች ደወሉ ሰባቴ መታ።
ከዚያ ሳል ያዘኝ። ያ የዱቄት ሳሌ፣ የማያባራው፣
ያን ጊዜ ነው ሁሉም በሳቅ የፈረሰው፤ እኔም የፈረስኩት አብሬያቸው።"

ዝም ብዬ ዘይት ጠረግሁ። ምን ይባላል?
"ታዲያ ልመልስልህ? ገንዘቡን?"
"ኧረ በጭራሽ!" አለ። "አሮጌውን ግጠምልኝ ለእሑድ፤
ቀላሉ ለሐሙስ ይሁን፣ ብቻዬን ስሄድ።"

አሥራ አምስት ዩሮ አስከፈልኩት፤ የእጅ ዋጋ ነው።
በሩ ላይ ዞር አለ፦ "ሐሙስ ዕለት፣ ዳገቱ መሃል፣
ማንም ከፊቴ ሳይኖር፣ የራሴን ጎማ ድምፅ ብቻ ስሰማ…"
አልጨረሰውም። ወጣ።

ጎደሊቭ ዋጋውን እስካሁን አልሰማችም።